የአንተነህን የክርስትና ስም ፍለጋ፣ ጣና ማዶ

ባሕር ዳርን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ያኔ ለስብሰባ ሄጄ፣ በዘንባባዎቿ ሥር ፎቶ ተነሥቼ፣ የረባ ነገር ሳልሰማና ሳልናገር ተመለስኩ። የዘንድሮው ግን የመርዶ ነጋሪ ጉዞ ነበር። የመርዶ ነጋሪ ሻንጣው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሆዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተነህ እዚህ ሐዋሳ አብሮኝ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ለዓመታት አንድ ቢሮ ተጋርተን፣ በመስኮት መከፈትና መዘጋት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። በክረምቱ መጨረሻ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ሬሳውን ወደ አገሩ እንዳንወስድ መንገዱ ዝግ ነው። እናቱ ባሉበት የጣና ዳር መንደር ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል። ስለዚህ እናት ሳይሰሙ፣ አንድ ዘመድ ሳይቆምለት፣ እኛው ቀበርነው።

መቃብሩ አፍ ላይ ቄሱ «የክርስትና ስሙ?» ብለው ጠየቁ። እርስ በርስ ተያየን። ሻዩን በስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ሲናደድ የትኛውን ጆሮውን እንደሚያክ ሁላችንም እናውቃለን፤ የክርስትና ስሙን ግን የሚያውቅ ጠፋ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ዝናቡ ጀምሯል። የሥራ ባልደረባችን ጌትነት ጭንቅ ሲለው «ኃይለ ሚካኤል» አለ። ቀኑ የሚካኤል ስለነበረ አፉ ላይ የመጣለት እሱ ነው። ፍትሐቱ በኃይለ ሚካኤል ስም ተደረገ። ጌትነት ከቀብር መልስ ቤቴ መጥቶ፣ የሰጠው ስም የፈጠራ መሆኑን እያለቀሰ ነገረኝ። ሄደን ለቄሱ ብንነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያማ ልጁ ገና አልተፈታም። አርባው ሳይደርስ ትክክለኛውን ስም አምጡ» አሉን።

ስሙን የሚያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው። ስሙን ከሳቸው ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ልጃቸው መሞቱን መንገር ግድ ነው። ጌትነት በኀፍረት ከቤት መውጣት ትቷል። ስለዚህ እኔ ሄድኩ።

ሰኞ ዕለት ከሐዋሳ አዲስ አበባ በሚኒባስ ገባሁ። ዝዋይ ላይ ዓሣ ሻጮቹ እንደ ወትሮው መኪና ላይ ተረባረቡ። ሾፌሩም እንደ ወትሮው ዋጋ ከተከራከረ በኋላ ሳይገዛ ነዳ። አክስቴ ቤት አደርኩ። አክስቴ ሽሮውን እያወጣችልኝ «ሰው ሁሉ ከዚያ ሲሸሽ አንቺ ወደዚያ? ጤና የለሽም?» አለችኝ። እኔ ሽሮዬን በላሁ።

ማክሰኞ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ደረስኩ። የሚቀበለኝ እንድሪስ የሚባል ጀልባ ሠሪ ነው። አንተነህ ከማዶ መጥቶ ከተማ ሲማር ያደገው በእንድሪስ አባት ቤት ነው፤ ሁለቱ አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተው፣ አንድ ደብተር ለሁለት ቀድደው ነው የተማሩት። በስልክ የነገርኩት «ለአንተነህ ጉዳይ እመጣለሁ» ብቻ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም።

ከመውጫው በር ወዲያ ቆሞ ነበር። ጥቁር ልብሴን ከሩቅ አየው። ቀረብ ስል «እንኳን ደኅና መጣሽ፣ እቴ» አለና ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ፣ የሻንጣውን እጀታ እንደያዘ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። የመጀመሪያው መርዶ በዚህ አለቀ።

ባሕር ዳር አሁንም ውብ ናት። ዘንባባው አለ፤ ሐይቁም አለ። እኛ ሐዋሳ ላይ አመሻሹን ፍቅር ሐይቅ ዳር መቀመጫ አይገኝም፤ ወጣቱ ሎሚና ለውዝ እየበላ ይንጫጫል። እዚህ ግን ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የሱቁ ቆርቆሮ በር በተራ መዘጋት ይጀምራል። ሰው ሁሉ ሳይሮጥ ይቸኩላል። በየሆቴሉ በር ላይ እንግዳ ሲጠብቁ የነበሩ ወንበሮች ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ወጥተዋል።

የእንድሪስ ሚስት ከድጃ ትሪውን ስታቀርብ ቀድማ የሚያሳስበኝን ነገር አቀለለችልኝ። «ሥጋ አልሠራሁም። ዓሣ ነው። ዓሣ ቢላዋ የሚባርክለት አይሻም፤ የናንተም የኛም ነው። አንተነህም በዚህ ቤት ሲበላ ያደገው ይኼንኑ ነው» አለች። እኔ በዓሣ ያደግኩ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ የኛ ዓሣ ይበልጣል ብዬ ከሰው ጋር ስንት ጊዜ ተሟግቻለሁ። ያን ቀን ግን የጣናው በልጦብኛል፤ ከጎኑ የቀረበው ዳጣም አስለቅሶኛል፤ ለቅሶውን በዳጣው አሳበብኩ። እንድሪስ አንድ ጉርሻ አልዋጠም።

ከተበላ በኋላ ከድጃ ከፊቴ ቆመች። «ይኼን ጥቁር ለብሰሽማ ማዶ አትሻገሪም። የአንተነህ እናት እማማ ይታይሽ ከወደቡ ላይ ያውቁታል። መርዶ በጧት ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ካህን ቆሞ ነው። ልብስሽ ቀድሞ ሊያወራባቸው አይገባም።» ጥቁሩን ከላዬ ገፍፋ አጣጥፋ አስቀመጠችውና የራሷን አበባ ያለበት አረንጓዴ ሻርፕ አለበሰችኝ። በመስታወት ሳየው ሠርግ የምሄድ እመስላለሁ። አስጠላኝ።

ረቡዕ ማዶ ለመሻገር ተነሣን። በደኅናው ጊዜ ቢሆን በሐሙሲት በኩል በመኪና ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ በእግር መውረድ ነበር፤ መንገዱ ስለተዘጋ እንድሪስ በጀልባው ወሰደኝ። የኛ ሐይቅ ትንሽ ነው፤ አንድ ዳር ቆመሽ ሌላውን ዳር ታያለሽ፤ ልብ አይጥልም። ጣና ግን ዳርቻ የለውም። ውኃው የጭቃ መልክ አለው፤ እየሄድን ያልሄድን ይመስላል። ወደ ምሥራቁ ዳር ስንጠጋ እምቦጭ አረሙ ውኃውን ለምለም መስክ አስመስሎት ነበር። «እንዴት ያምራል» ከማለቴ ሞተሩ ጥርሱ እንደተነቀለ ሰው ጮኾ ቆመ። እንድሪስ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ ውኃ ውስጥ ገባና የተጠመጠመውን ሥር ይቆርጥ ጀመር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ በአበባ ሻርፕ ተጀቡኜ መሐል ሐይቅ ላይ ተቀምጫለሁ። «ያምራል አልሽ? ዓሣውን ጨረሰው እኮ፣ እቴ» አለኝ ከሥር ብቅ ብሎ። ያን ቀን የተናገረው ቀልድ መሰል ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ከወደቡ ላይ የታጠቁ ሰዎች ጠበቁን። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ የነሱ ሥራ ነው። ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። ውስጡ ለእማማ ይታይሽ የያዝኩት ሥዕል ነበር፤ አንተነህ ለዓመታት ሲደክምበት የኖረው ያንድ የሰማይ ጥግ ምስል። ጥቁር መደብ ላይ ነጫጭ ነጥብ ፈስሶበታል፤ ገሚሱ በቀይ ተከብቧል።

«ይኼ የምን ካርታ ነው?»

«የሰማይ ነው» አልኩ። «የራጅ ፎቶ ነው።»

«ሰማይ ራጅ ይነሣል?»

«ይነሣል። ከላይ፣ ከሳተላይት።»

ሳተላይት የሚለውን ቃል ብውጠው ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ካንድም ሁለት ጊዜ ከላይ በመጣ ነገር ቤት እንደፈረሰባቸው እንድሪስ በኋላ ነው የነገረኝ። «የተከበበው ምንድን ነው? የማን ቦታ ነው?» አለ አንደኛው። የማንም ቦታ አይደለም፣ ከዋክብት ናቸው ብል ማን ይሰማኛል። እንድሪስ ገባልኝ። «አስተማሪ ናት። ለዘመድ ጥየቃ ነው የመጣች፤ ቄስ ሞገስ ቤት ነው የምታርፍ። እኔን ታውቁኛላችሁ» አላቸው። ለቀቁን፤ ሥዕሉን ግን «ለማንኛውም እዚህ ይቀመጥ» ብለው አስቀሩት። ለሟቹ እናት የምሰጠው አንድ ነገር እሱ ነበር። ባዶ እጄን ወደ መንደሩ ወጣሁ፤ እግረ መንገዴን የተቃጠለ ትምህርት ቤት አየሁ፤ ጥቁር ሰሌዳው ብቻ ቆሟል።

ቄስ ሞገስ ሽማግሌ ናቸው፤ እናቱንም አንተነህንም የሚያውቁ የደብሩ አገልጋይ። እንድሪስ ገለል አድርጎ ሲነግራቸው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉት። «እሱንም» አሉ ብቻ። ከዚያ ለነገ ጧት ማን ማን እንደሚጠራ፣ እንግዳዋ የት እንደምታርፍ ተናገሩ። እስከዚያው ማንም እንዳያለቅስ አስጠነቀቁ።

ያልጠበቅነው ግን ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እማማ ይታይሽ ራሳቸው በበሩ ገቡ። አጠር ያሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው፤ በሰፌድ የዳጉሳ ቂጣ በኑግ ይዘዋል። «ጦሙ ነው ብዬ ይኼን አመጣሁ። ልጅሽን የምታውቅ እንግዳ መጣች አሉኝ፤ እንደምን አስችሎኝ ልቀመጥ?» አሉ። ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። ሽታቸው የአንተነህን ካፖርት ሽታ መሰለኝ፤ እንደዚያ ሊሆን አይችልም፤ መሰለኝ።

«ከሳ? ወፈረ? እሱ ሲበላ ካልተቆጡት ይረሳል።»

ቄስ ሞገስ ቀደሙኝ። «ደክሟታል፣ ይታይሽ። ነገ እንጫወታለን» አሉ። እማማ ይታይሽ ግን ተቀመጡ። «ሥራውን ብቻ ንገሪኝ። እሱ ሲነግረኝ እየሳቀ ነው፤ አልገባኝም።»

ስለሱ ከማውራት ስለ ሰማይ ማውራት ይቀላል። ስለዚህ አወራሁ። «ሰማዩን አቋርጦ የሚሄደው ነጭ ጥርጊያ አለ አይደል፣ ፍኖተ ሐሊብ የሚሉት? አጥንት የሚያሳየው የራጅ ብርሃን ከዚያም ይመጣል፤ አየሩ ስለማያሳልፈው ግን ከአየር በላይ የወጣ መሣሪያ ነው የሚያየው። በዚያ መሣሪያ ሲታይ ጥርጊያው እንደ ጉም ያበራል። ገሚሱ ሰው እውነትም ጉም ነው፣ የጋለ ጋዝ ነው አለ። ግን እንዲያ የጋለ ጋዝ ባለበት አይረጋም፤ ከድስት እንዳመለጠ እንፋሎት ይበተናል። ገሚሱ ደግሞ ጉም አይደለም፣ በጣም ደካማ የሆኑ ብዙ ከዋክብት ናቸው፣ ከርቀት ስለተደባለቁ ነው አለ። አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ብዙ ቀን አፍጥጠው ሲያዩ አብዛኛው ጉም ወደ ነጥብ ነጥብ ተለየ። አንዳንዱ ነድዶ ያለቀ ኮከብ ነው፤ ከጎኑ ካለው ጓደኛው እየላሰ ትንሽ ይሞቃል። ልጅዎ የሚሠራው የቀረውን ለመለየት ነው። ካንዱ ኮከብ የምትደርሰን አራት አምስት ጠብታ ብርሃን ብትሆን ነው። ያቺን ጠብታ ለባለቤቷ መስጠት ነው ሥራው።»

ይሠራል፣ ይለያል የምለው ስለ ተቀበረ ሰው ነው። እንድሪስ ተነሥቶ ወጣ።

«መለየት ያቃተውንስ ምን ያደርገዋል?» አሉ እማማ ይታይሽ።

«'አናውቀውም፣ ግን አለ' ይላል። ብርሃኑ ደርሶናልና ከሒሳብ አይወጣም ይላል።»

ሳቁ። «እሱማ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው። ዓሣ ሲቈጥር እንኳ ከመረቡ ያመለጠውን አብሮ ይቈጥር ነበር።» ተነሡ። ሲወጡ የሻርፔን ጫፍ ዳበስ አድርገው «ያምርብሻል» አሉኝ። የቀረበልኝን ቂጣ አንዴ ቆርሼ ያዝኩት እንጂ አልዋጥኩትም።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተሰበሰብን። ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቄስ ሞገስ መስቀል ይዘው ከፊት፣ እኔና እንድሪስ ከኋላ። እኛ አገር መርዶ ሲነገር ግርግር አለው፤ አንዱ ቀድሞ ያፈነዳዋል። እዚህ ግን ሰዉ ሁሉ እግሩን እንኳ ሳያሰማ ሄደ። ከግቢው ስንደርስ በሩ ክፍት ነበር። እማማ ይታይሽ ደጃፉ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል። የሐዘን አለባበስ ነው።

«ግቡ» አሉን። «እኔስ ሌሊቱን ብቻዬን አለቀስሁ። እናንተ ግን የመንገድ ሰዎች ናችሁ፤ ዐርፋችሁ እደሩ ብዬ ነው ያልጮኽሁት።»

«ማን ነገረሽ፣ ይታይሽ?» አሉ ቄስ ሞገስ።

በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ። «እሷ። የሰማዩን ሁሉ ነገረችኝ፤ 'እናቴን እንዲህ በያት' ያላትን ግን አልነገረችኝም። ልጄ እናቴን ሰላም በይልኝ ሳይል ሰው አይልክም። ሞቶ ካልሆነ።»

ያን ጊዜ ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት። እኔም ከማክሰኞ ጀምሮ የያዝኩትን ለቀቅኩ። ሻርፑን ከላዬ ጣልኩት።

ረፈድ ሲል ሰው ጋብ አለ። ቄስ ሞገስ «ፍትሐት ተደረገለት?» ብለው ጠየቁኝ። የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነበርና ሳልሸሽግ ተናገርኩ፤ ማንም ስሙን እንዳላወቀ፣ ባልደረባችን ተጨንቆ ኃይለ ሚካኤል እንዳለ፣ በዚያ ስም እንደተቀበረ። ሰዉ አጉረመረመ። አንዲት ሴት «ልጁን ስም አልባ አደረጉት» አለች። ቄስ ሞገስ ዓይናቸውን መሬት ተከሉ። «በሌላ ሰው ስም የተጸለየ ለሌላ ሰው ነው፤ ለሱ አልተደረገም» አሉ። መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

እማማ ይታይሽ እጄን ያዙ። «ላእከ ማርያም» አሉ። «ላእከ ማርያም ነው ስሙ። በዚችው ደብር በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሣሁት እኔ ነኝ። በዪው፤ እንዳይጠፋሽ።» አልኩት። ደግመው አስባሉኝ። ከዚያ ድንገት «ኃይለ ሚካኤልስ?» አሉ።

«እሱ ማንም አይደለም፣ እማማ። እንዲያው አፍ ላይ የመጣ ስም ነው።»

«እንዴት ማንም አይዶለም?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «በዚህ ዘመን፣ ስንት የሰው ልጅ ፍትሐት ሳያገኝ በየጫካው ወድቆ ሲቀር፣ ከዚያ ሁሉ መካከል ኃይለ ሚካኤል የሚባል ታጥቶ ነው? ለሱ ነው የደረሰው። ካህን ጠርቶታል፤ መሬት ተከፍቶለታል። አሁን የራሳችንን ስም አገኘን ብላችሁ እሱን እንዳትተዉት። ሁለቱንም አስጠሩ። የዚያኛው እናት እንደሁ አልሰማች።»

 ቀደም ብላ የተናገረችው ሴት ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ሄደች። ልጇ ከወጣ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ የት እንዳለ አይታወቅም ብሎ እንድሪስ በጆሮዬ ነገረኝ።

ዓርብ በመጣንበት ተመለስን። እማማ ይታይሽ እስከ ወደቡ ሸኙኝ። የታጠቁት ሰዎች አልነበሩም፤ ሥዕሉም የለም፤ የጠበቅኩት ቢሆንም አመመኝ። ለእማማ ይታይሽ ሌላ እልክልዎታለሁ ስላቸው «ነግረሽኝ የለ፤ ምን ያደርግልኛል» አሉኝ። ከድጃ ጥቁር ልብሴን ከነ እጥፋቱ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። እሷም ጥቁር ለብሳ ነበር። ያን ቀን ምሳ ሽሮ ነበር፤ ለምን ዓሣ እንዳልሠራች ስጠይቃት «አንተነህ ሳይኖር ዓሣ አላወጣም ብሏል» አለችኝ፤ እንድሪስን ማለቷ ነው። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ገባሁ። የኛ ሐይቅ ያው ነው፤ ሎሚና ለውዝ፣ ሙዚቃ፣ ወጣት። ከመኪናው መስኮት አይቼው ተናደድኩበት።

አርባው ዕለት ጌትነትን ከቤቱ ጎትቼ አወጣሁት። እማማ ይታይሽ ያሉትን በመንገድ ላይ ነገርኩት። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። ቄሱ እንደ መጀመሪያው ቀን መስቀላቸውን ይዘው «የክርስትና ስሙ?» አሉ።

«ላእከ ማርያም» አልኩ።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁና መጽሐፉን ገለጡ። ጌትነት ካለበት አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«አባ፣ ኃይለ ሚካኤልም ይጠራ።»

«እሱማ ስሕተት ነው አላላችሁኝም? ኃይለ ሚካኤል ማን ነው?»

ጌትነት ወደ መቃብሩ ዞረ። «አናውቀውም፣ አባ» አለ። «ግን አለ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ሁለቱንም ጠሩ።